ሐቅ ያለው ወደ እኔ ይምጣ

አባቴ በተቀበረ ቀን፣ የቀብሩ ሶላት፣ ሰላተል ጀናዛው፣ ከመሰገዱ በፊት፣ ሽማግሌዎቹ ገፋ ገፋ አድርገው ሰው ፊት አቆሙኝ። በእኛ ዘንድ ወግ ነው፤ የሟች ትልቅ ልጅ ከሬሳው አጠገብ ቆሞ፣ አባቱ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ ወደ እሱ እንዲመጣ ይናገራል። ሐቅ ማለት ለአንዱ ሰው ሌላው ላይ የቀረችለት ነገር ናት፤ ገንዘብም ትሁን በደል። እኔም ሌሎች ልጆች በየቀብሩ ሲሉት የሰማሁትን ቃል ደገምኩት። «አባቴን አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት። እሱ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ፤ ዕዳው የእኔ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «አውፍ ብለናል» አለ። ቀብረነው ተመለስን።

እውነቱን ለመናገር ማንም ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ አቃቂ ከከተመ ጀምሮ በጭነት መኪና ሾፌርነት ቤት ያቆመ፣ ከሰፈር ሱቅ አንድ ሳሙና እንኳ በዱቤ የማይወስድ ሰው ነበር። ቢያንስ እኔ የማውቀው አባቴ እንደዚያ ነበር። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሞላ። አንድም ሰው አልመጣም። ያን ቃል መናገሬንም ረሳሁት።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ሰው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ የአባቴን ስም እስከ አያቱ ቆጥሮ ልጁ መሆኔን ጠየቀኝ። ነኝ አልኩት። «ነፍሳቸውን ይማር፣ ጥሩ ሰው እንደነበሩ ሰምቻለሁ» አለና ወደ ጉዳዩ ገባ። አባቴ ከሃያ ዓመት በላይ በፊት ሳሪስ አቦ አካባቢ ከነበረ አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ በዱቤ ዕቃ ወስዶ፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር ሳይከፍል ቀርቷል። ነጋዴውም ሞቷል። ወራሾቹ ሐቃቸውን ይፈልጋሉ። ከነወለዱ ስልሳ ሁለት ሺህ ብር ደርሷል።

ደሜ ፈላ። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ አንብቡልኝ ትል ይሆናል። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

በማግስቱ ራሱ መጣ። የእኔ ወርክሾፕ አቃቂ በሰቃ፣ የጭነት መኪናዎች ቆመው በሚጠገኑበት መንገድ ዳር ነው። ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ ሞተሪኖ እፈታለሁ፣ ዲናሞ እጠግናለሁ፣ የሞተ ባትሪ አስነሳለሁ። ሰውዬው ኮት የለበሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ክላሰር በብብቱ የያዘ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነበር። ሰዎች የተረሳ ብድራቸውን ወረቀት ይሰጡታል፤ እሱ ተበዳሪውን ፈልጎ ያስመልሳል፤ ካስመለሰው ላይ ሲሶውን ይወስዳል። እንጀራው ይህ ነው። ከክላሰሩ አንድ የዱቤ መተማመኛ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። «ለወሰድኩት ዕቃ ቀሪ ዋጋ» ይላል፤ ምን ዕቃ እንደሆነ አይልም። ከታች ግን የአባቴ ፊርማ አለ። አባቴ ሲፈርም ስሙን በትልልቅ ፊደል፣ አንዱን ከሌላው ሳያነካካ ነበር የሚጽፈው። ፊርማው የሐሰት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አልቆጣም ነበር። የእሱ ስለሆነ ነው የተቆጣሁት። በእጄ የነበረውን ትልቅ ቁልፍ እንደያዝኩ እስከ አስፋልቱ ድረስ አሳደድኩት።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ይመጣ ጀመር። አይጮህም፣ አያስፈራራም። አንዱን ባዶ የባትሪ ሣጥን ደፍቶ፣ መሐረቡን አንጥፎ ይቀመጣል። ደንበኛ «ማን ነው ሰውዬው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ ከመመለሴ በፊት እሱ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ፣ በትሕትና፣ «የአባቱ ጉዳይ ነው» ይላል። ሌላ ምንም አይጨምርም። ከዚያ ተመልሶ ይቀመጥና በረጅሙ ይተነፍሳል። ይህች አንዲት ቃል ከሺህ ስድብ የባሰች ነበረች። ሾፌሮች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ፊት ለፊት ጎማ የሚለጥፈው ጎረቤቴ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ፣ «ከውጭ የተወለደ ወንድም ተገኘ እንዴ?» አለኝ።

ወርክሾፔ ውስጥ ስላለ አንድ ዕቃ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር አንድ የባትሪ ቻርጀር ነበር። አረንጓዴ ቀለሙ የለቀቀ፣ ብረት ለበስ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ዓይነት። ሲሠራ ያንጎራጉራል። ከሙያ ትምህርት ቤት በጨረስኩ ሰሞን አባቴ በሚነዳው መኪና ላይ ጭኖ አመጣልኝ። «በካሽ ነው የገዛሁት፣ አላህ በረካ ያድርግበት» አለኝ። ሥራ የጀመርኩት በዚያ ነው። ያገባሁት፣ ልጆች ያስተማርኩት በዚያ ነው። ሰውዬው ተቀምጦ ሲተነፍስ፣ ቻርጀሩ ሲያንጎራጉር፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ስሠራ፣ ሁለት ወር አለፈ።

ለእናቴ አንዲት ቃል አልነገርኳትም። እናቴ ሐጅ ልትሄድ ነበር። የጓሮ ክፍሎቿን እያከራየች፣ ለራሷ ነጠላ ጫማ እንኳ ሳትገዛ ለዓመታት ያጠራቀመችው ገንዘብ ሞልቶላት፣ የመጨረሻውን ክፍያ በወሩ መጨረሻ ልትከፍል ቀናት ቀርተዋታል። ሻንጣዋን ቀድማ አዘጋጅታ አልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚያውቃቸውን ሁሉ እየዞረ አውፍ ይጠይቃል፤ እሷም ጀምራለች። ከሃያ ዓመት በፊት በውኃ ወረፋ የተጣላቻትን ሴት ሳይቀር ፈልጋ አግኝታ አውፍ አስብላታለች። ስልሳ ሁለት ሺህ ብር ከዚያ ላይ ቢነሳ ሐጁ ቀረ ማለት ነው። የእኔም ኪስ ያን ያህል አያወጣም።

አንድ ቀን ሳልታገሥ ቀረሁና፣ ፍርድ ቤት አጠገብ በጃንጥላ ሥር ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ጡረተኛ ጋ ሄድኩ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሰማኝ። ተናግሬ ሳልጨርስ ሳቀ።

«ይርጋ ይዞታል» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ዕዳው ሞቷል ማለት ነዋ። ሕጉ አሥር ዓመት ሰጥቷቸው ነበር፣ ተኝተው አሳለፉት። ክስ ቢመሠርቱ አንተ ይርጋ ብለህ ትቃወማለህ፣ አለቀ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትፈርም። ‹ለምልክት መቶ ብር ብቻ ስጠኝና እዚህች ላይ ፈርምልኝ› ይልሃል። በፈረምክባት ደቂቃ የሞተው ዕዳ ይነሳል። የእነዚህ ሰዎች ሥራ እሱ ነው።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። በእርግጥም ሰውዬው ያን ሰሞን «አንድ አምስት መቶ ብር ብቻ ስጠኝ፣ ደንበኛዬ ዘንድ ፊት እንዲኖረኝ» ማለት ጀምሮ ነበር። ሰተት ብዬ ልገባለት ነበርኮ! በማግስቱ ሲመጣ ቁልፍ አላነሳሁበትም። ሻይ አዘዝኩለት። «ወንድሜ፣ ይርጋ» አልኩት። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ሻዩን ጠጥቶ፣ «ማን ነገረህ?» ብሎ፣ ክላሰሩን አንስቶ ሄደ።

ብልህ ሰው ብሆን እዚያው ላይ ዝም እል ነበር። እኔ ግን ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ በደስታ እናቴ ጋ ሄድኩ። ሁለት ወር ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት፤ ደስ ይበላት ብዬ። ዕዳ መጥቶብን እንደነበር፣ እሷን ላለማስጨነቅ እንደደበቅኋት፣ አሁን ግን በሕግ እንደሞተ ነገርኳት። እንደ ቀልድ አድርጌ፣ ሰውዬውን በቁልፍ ማባረሬን ሳይቀር በሳቅ አወራኋት።

እናቴ አልሳቀችም። ብርቱካኑን መላጥ ጀምራ ነበር፤ አስቀመጠችው።

«አባትህ ነው የፈረመው?»

«አዎ እማ። ግን ሕጉ...»

«ሕጉን ተወው። ወስዷል?»

«ወስዷል።»

«አልከፈለም?»

«አልከፈለም፤ ግን ዕዳውኮ ሞቷል!»

«የሞተውስ አባትህ ነው» አለች። ቀስ ብላ ተነሳች። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችና፣ «ቁም ሣጥኑ ላይ ስቀልልኝ» አለችኝ። «አባትህ የሰው ሐቅ ይዞ በወዲያኛው ዓለም፣ አኺራ ላይ፣ እየተጠየቀ፣ እኔ ነጭ ለብሼ ካዕባን ልዞር? ወላሂ አልሄድም።»

ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኳት። እናቴ ስትቆጣ ድምፅዋን አታነሳም፣ ዝቅ ታደርገዋለች። በመጨረሻ፣ «ቀብር ላይ ምን እንዳልክ ነግረውኛል። ሰውዬው በቃልህ መጣ፤ አንተ በቁልፍ ተቀበልከው» አለችኝ። ሻንጣውን ሰቀልኩት። ያን ቀን የተሰማኝ ኀፍረት ዛሬም አለ።

«ሰውዬውን ጥራልኝ» አለች በመጨረሻ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰውዬው እኔ ደወልኩለት። በማግስቱ ጠዋት ቤት መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ካልሲው ተረከዙ ላይ የተጣፈ ነበር። እናቴ ሻይና ጨጨብሳ አቀረበችለት። እሱ ክላሰሩን ሊከፍት ሲል «መጀመሪያ ብላ» አለችው። በልቶ እስኪያቅተው ድረስ ስለ ዕዳ አንድ ቃል አልተነሳም። ከዚያ ወደ እሱ ዞር ብላ፣

«አንተ ልጅ፣ ወለድ አልከፍልህም» አለችው። «ወለድ ሐራም ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ወንጀለኛ ነው።»

«እናቴ፣ ባንኩም እኮ...»

«ባንኩን አላህ ይጠይቀዋል። ዋናውን ንገረኝ። የማን ነው?»

ወራሾቹ አራት መሆናቸውን ነገራት፤ ሚስትየዋና ሦስት ልጆች። የጉራጌ ክርስቲያን ቤተሰብ ናቸው። እናቴ አሰብ አደረገችና፣ አራቱንም አንድ በአንድ አግኝታ ዋናውን ልትከፍላቸው ወይ አውፍ ልታስብላቸው እንደምትፈልግ ነገረችው። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከቀረ የአባቴ አንገት እንደታሰረ ነው። አድራሻቸውን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ሰውዬው እኔን አየ፣ እናቴን አየ። «በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው» አለ። «ከዕዳው የሚሸሽ እንጂ ወደ ባለ ገንዘቡ ውሰደኝ ያለኝ ሰው የለም።» ከዚያ ጨጨብሳው ሳህን ላይ የቀረችውን ጠራርጎ በላና ተነሳ።

እንዲህ ነው ሦስታችን በእኔ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ የይቅርታ ለቀማ የወጣነው። እናቴ ከፊት፣ ዕዳ አስመላሹ ከኋላ። ያኔ በቁልፍ ያባረርኩት ሰው፣ «በዚህ ታጠፍ፣ ጉድጓድ አለ፣ ቀስ» እያለ ይመራኛል። ሳቄ መጣ። እናቴ «ምን ያስቅሃል?» ብላ በመሐረቧ ጉልበቴን መታችኝ፤ እሷም ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ሚስትየዋን ከአቦ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ አገኘናት። ዓይኗ የደከመ፣ ጆሮዋ ግን ንቁ የሆነ ባልቴት ነበረች። እናቴ ማን እንደሆነች ስትነግራት ሁለት እጇን ዘርግታ ፊቷን ዳሰሰቻት።

«የሾፌሩ ሚስት! ባሌ ስለ እሱ ያወራልኝ ነበር» አለች። «አይ እህቴ፣ የእነሱ ነገር ያስቀኛል። ባልሽ ከመኪና ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ጊዜ፣ የእኔው ሊጠይቀው ሄዶ ‹አትጨነቅ፣ ሲሻልህ ትከፍላለህ› ብሎት መጣ። ከዚያ ወዲያ ያንቺው በሱቃችን በኩል ማለፍ ተወ። የእኔው ደግሞ ‹ብጠይቀው ያፍራል› ብሎ ዝም አለ። አንዱ አፍሮ ሲሸሽ፣ ሌላው እንዳያሳፍረው ሲደበቅ፣ ሁለቱም በዚያው ሞቱ።»

የአባቴን እግር መሰበር አስታውሳለሁ። ስምንት ወር ቤት ተኝቷል። ከዳነ በኋላ ደግሞ ሳሪስ ስንሄድ መኪናውን ሁልጊዜ ከዋናው መንገድ ርቆ፣ ከጀርባ ያቆም ነበር። ፖሊስ ሽሽት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ነው የሚሸሸው። ያ ኩሩ ሰው በየጊዜው በዚያ በኩል ዞሮ ያልፍ ነበር።

ባልቴቷ እግዜር ይቅር ይበለው አለች፤ እናቴ «አውፍ ብያለሁ በዪልኝ» አለቻት፤ እሷም እየሳቀች አለች። ትልቁ ልጅ በአባቱ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ፣ ሂሳብ ከመምታት ሳያቋርጥ፣ «ይቅር ብያለሁ፣ ያለፈ ነገር ነው» ብሎ ለእናቴ ለስላሳ ከፈተላት። ሁለተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነበር፤ አስመላሹ ደውሎ ድምፁን ከፍ አደረገው። «አውፍ ብያለሁ እናቴ! ለእኔም ዱዓ ያድርጉልኝ፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው!» አለ ከሞተር ድምፅ በላይ እየጮኸ። እናቴ ዱዓ አደረገችለት። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ሦስቱ አለቁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሻንጣውን ዛሬውኑ እንደማወርድ፣ ለዕዳውም አንዲት ሳንቲም እንደማይወጣ እያሰብኩ መሪውን እደበድባለሁ።

«አንድ ትቀራለች» አለ አስመላሹ ከኋላ። «ሴቷ ልጅ። ደንበኛዬ እሷ ናት። መተማመኛውን የሰጠችኝ እሷ ናት።»

«ቀድመህ አትናገርም እንዴ?» አልኩት ዞሬ።

«አልጠየቃችሁኝም።»

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ፣ ጠያቂዎች ከሚሰለፉበት መንገድ ዳር፣ ሴቲቱ በቆርቆሮ የተሠራች ኪዮስክ አላት። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሳሙና ትሸጣለች። ዋናው ሥራዋ ግን ስልክ መጠበቅ ነው። ጠያቂ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይችል እሷ ጋ ያስቀምጣል፤ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ እስኪወጣ ድረስ ቻርጅ ታደርግለታለች። አርባ አካባቢ ትሆናለች። እናቴ የመጣችበትን ስትነግራት በጥሞና ሰማቻት። በርጩማ አቀረበችላት። ከዚያ፣

«እማማ፣ አይክፋዎትና እኔ ይቅር አልልም» አለች።

እኔ ልናገር ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ወንድሞቼ ይቅር ያሉት የእኔን ነው» አለች ሴቲቱ። «አባቴ ሲሞት ውርስ ስንካፈል ሱቁን ትልቁ ወሰደ፤ መኪናዋን ታናሹ ወሰደ። እኔ ያኔ ባል ነበረኝ፣ አያስፈልጋትም ተባለ። ‹የአንቺ ድርሻ ይሄ ነው› ብለው የዱቤ ደብተሩን ሰጡኝ። እየሳቁ ነው የሰጡኝ። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ደብተሩን አወጣሁት። ከደብተሩ ውስጥ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ወይ ሞቷል፣ ወይ ካደ፣ ወይ አባረረኝ። እና እማማ፣ ሰው ማስቀየም ባልፈልግም ይሄ የእኔ ውርስ ነው።»

ትክክል ነበረች፤ በዚያ ላይ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እናቴ ግን ፊቷ ሲበራ አየሁት። ያን ቀን ሙሉ ሦስት ሰው ይቅር ሲላት እንደዚህ አልበራም።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ» አለቻት። «አንቺ ነሽ እውነቱን የነገርሽኝ። ሐቅሽን ትወስጃለሽ። ስንት ትያለሽ?»

«ስልሳ ሁለት ሺህ ያለው እሱ ነው» አለች ወደ አስመላሹ በአገጯ እያሳየች። አስመላሹ ሰማይ ሰማዩን ያይ ነበር። «እኔ ወለድ አላልኩም። ግን ያኔ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር ትልቅ ዕቃ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ምን ይገዛል?»

«ዕቃው ምን ነበር?» አለች እናቴ።

ሴቲቱ ከመደርደሪያው ሥር ጠርዙ ያረጀ ረጅም ደብተር አወጣች። ገጹን አገላብጣ አገኘችውና ጣቷን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች።

«አንድ የባትሪ ቻርጀር። ለልጁ ሥራ ማስጀመሪያ። ግማሹ በካሽ ተከፍሏል።»

ቀጥሎ ትንንሽ ክፍያዎች ነበሩ፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አንዴ ሃምሳ። አባቴ እግሩ በተሰበረበት ወር ላይ ያቆማሉ፤ ቀሪው ሦስት ሺህ አራት መቶ ይላል።

ሁለት ወር ሙሉ ሰውዬው ባትሪ ሣጥን ላይ ተቀምጦ «የአባቱ ጉዳይ ነው» ሲል፣ ጉዳዩ እግሬ ሥር ሲያንጎራጉር ነበር። አባቴ «በካሽ ነው የገዛሁት» ያለኝ፣ ሥራዬን በዕዳ ጀመርኩ እንዳልል ነው። ዝም ብሎ ግማሹን እውነት ነገረኝ፤ ግማሹን ይዞ በጀርባ መንገድ ዞረ። እኔ ደግሞ ዕዳው ሞቷል ብዬ ብርቱካን ገዛሁ። እዚያው ኪዮስኳ ደጃፍ ላይ እንባዬ መጣ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም።

«አለ» አልኩ። «ቻርጀሩ አለ። ይሠራል።»

ሴቲቱ ደብተሩን አጠፈችው። «እስካሁን?»

«ዛሬ ጠዋትም ባትሪ ላይ አድርጌው ነው የወጣሁት።»

አሰበች። ከዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ስልክ ቻርጅ ማድረግ ስለማትችል ደንበኞቿ ጄኔሬተር ወዳላት ጎረቤቷ እንደሚሄዱባት ነገረችኝ። ሌላ ልትጨምር ስትል እኔ ቀደምኳት። ቻርጀሩን፣ ከአንድ አይሱዙ የወጣ ደህና ባትሪና አንድ ኢንቨርተር አመጣለሁ፤ መብራት ሲኖር ባትሪው ይሞላል፣ ሲጠፋ ስልኮቹ ከባትሪው ይሞላሉ። ገመዱን ራሴ እዘረጋለሁ። እናቴ «ዕቃው ወደ ቤቱ ይመለስ» አለች። ሴቲቱ ጎረቤቷን በዓይኗ ገላመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ተስማምቻለሁ» አለች።

«የእኔ ሲሶስ?» አለ አስመላሹ። «የቻርጀር ሲሶ እንዴት ነው የሚወሰደው?»

«ስልክህን እዚህ በነፃ ቻርጅ ታደርጋለህ» አለችው ሴቲቱ።

«እስከ መቼ?»

«እስክሞት።»

እንደ ነጋዴ ልጅ ነበር የተናገረችው። ክላሰሩን ዘግቶ ስልኩን አወጣና ለመጀመሪያ ቻርጅ እዚያው አስረከባት።

በማግስቱ ቻርጀሩን ከጠረጴዛዬ ሥር አወጣሁት። የቆመበት ሲሚንቶ ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ ቀረ። አስመላሹ በሌላው ጫፍ አነሳልኝ፤ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ። ለራሴ ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ የቻይና ቻርጀር ገዝቻለሁ፤ በካሽ፣ ሙሉውን። ድምፅ የለውም። እስካሁን አልለመድኩትም።

ኪዮስኳ ውስጥ እስከ ቀትር ሠራን። መጨረሻ ላይ ቆጣሪዋን አጠፋሁና የስልኮቹ መብራት እንዳለ ቀረ። ሴቲቱ አጨበጨበች። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሴቲቱ ደብተሩን አምጥታ፣ ገጹን ከፍታ፣ «ተከፍሏል» ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶ ስታነሳ፣

«ቆይ» አልኳት። «መጀመሪያ የአባቴን ስም ሰርዢው። የእኔን ጻፊ።»

«ለምን? ያው ሊያልቅ አይደል?»

«ቻርጀሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ወደ እናቴ አየች፤ እናቴ ራሷን ነቀነቀች። በአባቴ ስም ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ከላይ የእኔን ስም ጻፈች። ከጎኑ «ተከፍሏል» ብላ ጨመረች። አስመላሹ ከልማዱ የተነሳ ሊሆን ይችላል፣ ጣቱን ከግርጌው አድርጎ «እዚህች ላይ ትፈርማለህ» አለኝ። በጃንጥላው ሥር ያለው ጡረተኛ እንዳትፈርም ያለኝ ትዝ አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ስሜን በትልልቅ ፊደል፣ አንዱን ከሌላው ሳላነካካ ጻፍኩ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ደብተሩን ወደ ራሷ አስጠጋችና፣

«የአባትህ የቱ ነው?» አለችኝ።

የተሰረዘውን አሳየኋት። በአውራ ጣቷ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ከዚያ ደብተሩን ለሴቲቱ መልሳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«በል ወደ ቤት ውሰደኝ» አለችኝ። «ሻንጣዬን አውርድልኝ።»